ወንዴው ኮሶ ይቆረጥ? ለሚዞር በግስ ኮሶ ይሆናል?

ጥያቄው የመጣው ከባሶና ወራና ነው። ጠያቂው አርሶ አደር በጓሯቸው ዳር ከአባታቸው የወረሷቸው ሁለት የኮሶ ዛፎች አሏቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«አንዱ በየዓመቱ ቀይ ዘለላ ያንጠለጥላል። ሌላው ግን ነጣ ያለ አቧራ መሳይ አበባ አውጥቶ ይረግፋል እንጂ ምንም አያፈራም። ልጄ ይኼ መካን ነው፣ ቆርጠን ጣውላ እናውጣው ይላል። ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ሁለት ጠቦቶቼ ወደ አንድ ጎን ይዞራሉ፣ አንገታቸው ተጣሟል። የትል ኪኒን ሰጠኋቸው፣ አልተሻላቸውም። ጎረቤቴ ኮሶ አጠጣቸው አለኝ። ላጠጣቸው?»

አባቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጅዎ መጥረቢያውን ያስቀምጥልኝ። ያ ዛፍ መካን አይደለም። ወንድ ነው።

ሸዋ ሮቢት ወርደው የፓፓያ ማሳ አይተው ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ከፓፓያው መሀል አበባ ብቻ አብቦ የማያፈራ አለ። ኮሶም እንደዚያ ነው። ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴዋ ለብቻ ዛፍ ይሆናሉ። የወንዴው አበባ ሳሳ ያለና ነጣ ወይም ብርቱካንማ ነው። ያ አቧራ የሚመስለው ነገር የአበባ ዱቄቱ ነው። ነፋስ ይዞት ወደ ሴቴዋ ይሄዳል። የሴቴዋ ዘለላ ወፍራም፣ ከባድና ቀይ ነው። ወንዴውን ዛሬ ቢቆርጡት፣ በአካባቢው ሌላ ወንዴ ኮሶ ከሌለ፣ ቀይዋ ማበቧን አትተውም። ዘሯ ግን ባዶ ይሆናል። ለጣውላ ብለው የሚያጡት ሁለቱንም ነው። ጣውላው ራሱ ቀላ ያለና መልኩ ያማረ ነው፣ አልክድም፤ ግን ነቀዝ ቶሎ ይደፍረዋል።

ኮሶ ከቀጋና ከእንጆሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ ሆዱ ብርማ ጸጉር አለው። ቅርፊቱ ቀላ ብሎ እየተላጠ ይወድቃል። ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። የሚወደውም የእናንተን ዓይነት ደጋ ነው፣ ከ2,000 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ። ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ከጥድና ከዝግባ ጋር ዛሬም አለ። በየማሳው ዳር የነበረው ግን እየሳሳ ነው፣ ቦታውን ባሕር ዛፍ ወስዶታል። ስለዚህ ተጣምረው የቆሙ ሁለት የኮሶ ዛፎች ያለው ሰው ለእኔ ሀብታም ነው።

ከፈለጉ ችግኝ ያፍሉበት። ቀዩ ዘለላ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ቆርጠው ጥላ ላይ ያስጡት፣ አሽተው ይንፉት። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ባቄላ ይቀብረዋል፣ አይወጣም። በተነፋ አፈር መደብ ላይ በትነው ስስ አፈር ብቻ ያልብሱት። ጭድ አልብሰው ውሃውን በጭዱ ላይ ያርከፍክፉ፣ አለዚያ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ለችግኙ ዝቅ ያለ ዳስ ይሥሩለት። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ጨቅላውን ይገድለዋል። ክረምቱ ሲገባ ይትከሉት፣ ከበግና ከፍየልም ይጠብቁት። የሚረግፈው ቅጠል ለአፈሩ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ኮሶ መድኃኒት መሆኑን አያቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያውቁ ነበር። ጥሬ ሥጋ በምንወድ አገር የከብት ሥጋ የሚያመጣው ረጅም ጥፍጥፍ ትል ብርቅ አይደለም። ትሉንም መድኃኒቱንም «ኮሶ» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን በከንቱ አይደለም። የሴቴዋ ደረቅ አበባ ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ከ250 ዓመት ግድም በፊት ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም ስለዚሁ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የደረቀው አበባ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደርሷል።

ይሁን እንጂ ዛሬ ለቤተሰብዎ ኮሶ ይጠጡ አልልም። መጠኑ ከዛፍ ዛፍ፣ ከአበባው እድሜም ጋር ይለያያል። ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ ሰውም ይገድላል። በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዳይቀምሱት፣ አደራ። ጤና ጣቢያ ልኩ የታወቀ ኪኒን አለ።

ጠቦቶቹን የያዛቸው አዙሪት የሚባለው በሽታ ነው የሚመስለኝ። ጎረቤትዎ ግማሹን መንገድ አውቀውታል። አዙሪትም የሚመጣው ከኮሶ ትል ወገን ነው። ትሉ ግን የሚኖረው በጉ ውስጥ ሳይሆን ውሻው አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ሣር ላይ ይወድቃል። በጉ ሣሩን ይግጣል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ፣ ማለት ጨቅላው ትል፣ ከበጉ አንጀት ተነሥቶ በደም አንጎል ይደርስና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ በወራት ውስጥ እያደገ አንጎሉን ሲጫነው በጉ ይዞራል፣ ከመንጋው ይቀራል፣ አንዳንዴም አንድ ዓይኑ ይጠፋል። ኮሶ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። አንጎል ውስጥ ያለውን ከረጢት አይነካውም። የሰጡት ኪኒንም ያልሠራው ለዚሁ ነው። ኮሶውን ቢግቱት በጉን ማሠቃየት ብቻ ይሆናል።

የእንስሳት ሐኪም ያሳዩዋቸው። ከረጢቱ ያለበት ቦታ ከታወቀ አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ በየቦታው ግን አይገኝም። ካልተቻለ ሳይከሱ ቢታረዱ ይሻላል፣ ሥጋውም በደንብ ይብሰል። እዚህ ላይ ነው የምለምንዎት፦ ጭንቅላቱን ለውሻ አይጣሉ። አገራችን በግ ሲታረድ ውሻው ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ጭንቅላቱም የእሱ ድርሻ ነው። አዙሪት ከዓመት ዓመት የሚቀጥለው በዚያች ቅጽበት ነው። ውሻው ከረጢቱን ከበላ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሜዳውን በአዲስ እንቁላል ይዘራዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱን ያቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት።

ውሻውም መድኃኒት ይፈልጋል። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ፕራዚኳንቴል ይጠይቁ፣ ልኩ በውሻው ክብደት ነው። ቢቻል በየሁለት ወሩ፣ ካልሆነም በየሦስት ወሩ ይስጡት። በሰጡት ዕለት አስረው ያቆዩት፣ የሁለት ሦስት ቀኑን ዓይነ ምድር ሰብስበው ይቅበሩት። ልጆቹም ውሻውን ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይበሉ። እጩ ሰው ውስጥ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው፣ ሲገባ ግን ክፉ ነው።

ለጎረቤትዎም ውሻ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ቢሰጠው ጥሩ ነው። በጎቻችሁ የሚግጡት አንድ መስክ ላይ ነው።