ንጉሡ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እታለም። ሐይቅ ከተማ መምህር ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ምናባዊ ልቦለድ ጽፌ ጨረስኩ። አምባ ላይ ያለ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሦስት ቤቶች በአልጋ ወራሽ ጉዳይ ይሻኮታሉ። መነሻዬ የ1909 ዓ.ም. ታሪካችን ነው፤ የልጅ ኢያሱ መውረድና የሰገሌ ጦርነት። መጽሐፉ 187,000 ቃል ወጣው። አሜሪካና እንግሊዝ ላሉ 14 የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ጻፍኩ። አስራ አንዱ ዝም አሉ። ሁለቱ «ይቅርታ» አሉ። አንዱ ደግሞ ለማንበቢያ 300 ዶላር ላክ አለኝ። የላክሁትን ደብዳቤ አያይዤልዎታለሁ። ምኑ ላይ ነው የሳትሁት?

መልስ፦ አብሽር ወንድምዓለም። ከ300 ዶላሩ ልጀምር። አትላክ። ተበድረህ እንዳትሆን ብዬ ነው የምቸኩለው።

የሥነ ጽሑፍ ወኪል (ኤጀንት) ማለት ደላላ ነው። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ግመል ሳያሻሽጥ «ግመልህን ልይበት፣ ክፈለኝ» የሚል ደላላ አይተህ ታውቃለህ? የእነሱም እንደዚያው ነው። መጽሐፍህን ለአሳታሚ ሲሸጡ ከምታገኘው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ይቆርጣሉ። ለውጭ አገር ወይም ለትርጉም መብት ሲሆን 20 በመቶ ይደርሳል። ካልሸጡ ምንም የለም። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበርም አባላቱ የማንበቢያ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ስለዚህ ያ ሰውዬ ደላላም አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤህ። ቡና እየተፈላ ነው ያነበብኩት። አቦል ሲቀዳ «ከታላቁ ክፍፍል 300 ዓመት በኋላ» ላይ ነበርኩ። ቶና ሲደርስ ገና ሦስተኛውን ንጉሥ እየቀበርን ነው። በረካ ላይ፣ መጨረሻው አንቀጽ ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሪቱ የምትባል ማኅተም ቀራጭ ብቅ አለች። ሲኒውን አስቀመጥኩት። እዚህ ድረስ የት ደብቀሃት ነበር?

እኔም ከዚህ አልዳንኩም። በ2009 ዓ.ም. የራሴን ረቂቅ ይዤ ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ለአንዲት ወኪል ደብዳቤ ላክሁ። የባለታሪኬን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ ነበር የጀመርሁት። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ «አይሆነንም» የሚል መልስ መጣ። ያን ቀን ተናደድሁ። ዛሬ ሳስበው ሴትዮዋ ሦስተኛው ቅድመ አያት ድረስ መታገሷም ይገርመኛል።

ወኪሉ በቀን ብዙ ደብዳቤ ይከፍታል። የሚፈልገው የመንግሥቱን ታሪክ አይደለም። አንድ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ምን ፈለገ? ማን ከለከለው? ምን ያጣል? በቃ። የሴራ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ነው የሚስተው። ሴራው ስለተወሳሰበ ውስብስቡን ሁሉ ካልነገርሁ አይገባቸውም ይላል። ሰገሌን እንኳ ተመልከት። የሸዋን መኳንንት አንድ በአንድ ብትዘረዝርልኝ አዛጋለሁ። የሸዋው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የልጅ ኢያሱን አባት ንጉሥ ሚካኤልን በደብዳቤ አዘናግተዋቸዋል እየተባለ ይተረካል። ያንን ደብዳቤ ይዞ በፈረስ የሄደውን መልእክተኛ ብትነግረኝ ግን ቡናው ይቀዝቅዝ እንጂ አልነሳም። የያዘው ወረቀት ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር?

አንተ ደግሞ ይህን ዘዴ ታውቀዋለህ፤ መጽሐፉ ውስጥ አድርገኸዋል። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል። አንተ እሱን ወስደህ ወደ ሌላ ዓለም አሻግረኸዋል። ታዲያ ደብዳቤው ለምን ከዚያ አይጀምርም? ካያያዝከው ላይ ለቃቅሜ እንዲህ ሞከርሁት፤ እንግሊዝኛውን አንተ ታሳምረዋለህ፦

«ንጉሡ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ይህን የሚያውቁት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ማኅተም ቀራጯ ዘሪቱ ናት፤ በሞተ ሰው ስም ትእዛዝ የምታትመው እሷ ነች። ማኅተሙ ግን ውሸት አይወድም። በሐሰት ትእዛዝ ላይ ባረፈ ቁጥር ከእጇ አንድ ጣት ይደርቃል። አሁን ሦስት ጣት ቀርቷታል። በአሥረኛው ቀን ለማተም የቀረበላት ትእዛዝ ወንድሟን ይሰቅላል።»

ሦስቱ ቤቶች የት አሉ? የሉም። አንዱን ቤት በሚቀጥለው አንቀጽ ታስገባለህ፣ ትእዛዙን የጻፈውን። ሌሎቹ መጽሐፉ ውስጥ ይጠብቁ።

ደብዳቤው በሙሉ ከ300 ቃል ብዙ አይለፍ። ስለ ታሪኩ ሁለት ሦስት አንቀጽ። ከዚያ ርዕስ፣ ዘውግ፣ የቃል ብዛት። ከዚያ በቅርብ ዓመታት ከታተሙ መጻሕፍት ሁለቱን ጥቀስና የእኔን የሚወዱት የእነዚህ አንባቢዎች ናቸው በል። ዓለም ያወቀውን ዝነኛ መጽሐፍ አታንሳ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያነሳው። ስለ ራስህ ሁለት መስመር ይበቃል። «ንጉሥ ሚካኤል የነገሡበት ወሎ ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ መምህር ነኝ፤ መነሻዬም የዚያ ዘመን የሥልጣን ሽኩቻ ነው» ብትል በቂ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህቺ መስመር ሀብትህ ናት። ብዙዎቹ ቤተ መንግሥት የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። አንተ ደሴ በወጣህ ቁጥር አይጠየፍን፣ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ በአይንህ ታየዋለህ።

የቃሉ ብዛት ነገር ያሳስበኛል። ለጀማሪ የፋንታሲ (የምናባዊ ልቦለድ) ደራሲ ከ90,000 እስከ 120,000 ቃል ነው የሚመከረው። 187,000 ሲያዩ ደብዳቤውን ሳይጨርሱ የሚዘጉ አሉ። ቁረጥ። የትኛውን አትበለኝ፤ ከሦስቱ ቤቶች አንዱ ለዘሪቱ ምንም የማያደርግ ቤት እንዳለ ደብዳቤህ ራሱ ይናገራል።

አላላክህንም አስተካክል። በአንድ ቀን ለ14 ሰው አትላክ። ለስድስት ወይም ለሰባት ላክና ጠብቅ፤ ሁሉም ዝም ካሉ የተበላሸው ደብዳቤው ነው፣ አስተካክለህ ለቀሪዎቹ ትልካለህ። እያንዳንዱ ወኪል የሚፈልገውን ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። አንዱ አምስት ገጽ፣ ሌላው ሦስት ምዕራፍ ይላል። ብዙዎቹ አባሪ ፋይል አይከፍቱም፤ ናሙናውን ከደብዳቤው ሥር ለጥፍ። ፋንታሲ የማይቀበል ወኪል ዘንድም አትሂድ። ከ14ቱ አራቱ እንደዚያ እንደነበሩ ዝርዝርህ ላይ አይቻለሁ።

ሲኖፕሲስ (የታሪኩን አጭር ማጠቃለያ) ሲጠይቁህ ደግሞ ተጠንቀቅ። እሱ ከደብዳቤው ጋር ተቃራኒ ነው። ደብዳቤው መጨረሻውን ይደብቃል፣ ሲኖፕሲሱ ሁሉንም ይናገራል። ማን ከዳ፣ ማን ሞተ፣ አልጋው ላይ ማን ተቀመጠ፣ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ። ሴራ ጸሐፊ ምስጢሩን መናገር ይከብደዋል፤ አውቃለሁ። ግን ወኪሉ ያንተ አንባቢ ሳይሆን ሻጭህ ነው፤ የሚሸጠውን ይወቅ።

በነገራችን ላይ፣ ዘሪቱ በመጨረሻ ስንት ጣት ይቀራታል? የላክህልኝ ላይ የለም። በሚቀጥለው ደብዳቤህ ጻፍልኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቴን እየቆጠርሁ ነው የማድረው።