መልስ፦ ዮሃን ሳንታና የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ይገባዋል ወይ?

«139 ድል ብቻ ያለው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እንዴት ብሎ የዝና አዳራሽ ይገባል?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። ታላቁ ፒቸር ሳንዲ ኩፋክስም የገባው በ165 ድል ነው፤ ክንዱ አላስቀጥል ብሎት በ30 ዓመቱ አቆመ። እርግጥ ሳንታና ኩፋክስን አያክልም። እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ግን እስቲ 2005ን እይ። ሳንታና ላይ በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ) በአማካይ 2.87 ራን (ነጥብ) ብቻ ሲቆጠርበት፣ ሌላው ፒቸር ባርቶሎ ኮሎን ላይ ግን 3.48 ነበር። ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደው ግን ኮሎን ነው፤ 21 ድል ስላለው። የቡድን ጓደኞቹ በዱላ መትተው ያመጡለት ድል ሁሉ ለሱ ተቆጠረለት! በ2010 ፒቸሩ ፊሊክስ ሄርናንዴዝ በ13 ድል ብቻ ይህንኑ ሽልማት ሲወስድ የመራጮቹ ዓይን ተገልጦ ነበር፤ ለሳንታና ግን አልደረሰለትም። በ2005 ቢሰጡት ኖሮ ካሸነፈባቸው ከ2004 እና ከ2006 ጋር ሦስት በተከታታይ ይሆንለት ነበር።

ከዚያ ትከሻው ከዳው። ከቀዶ ሕክምና ተመልሶ፣ ጁን 1 ቀን 2012 134 ኳስ ወርውሮ ለቡድኑ ለኒው ዮርክ ሜትስ በታሪኩ የመጀመሪያውን ኖ-ሂተር (ተጋጣሚው አንድም ሂት፣ ማለትም ኳሱን መትቶ ቤዝ መድረስ፣ ያላገኘበትን ጨዋታ) አስገኘ። አሰልጣኙ ቴሪ ኮሊንስ ለትከሻው ሰግቶ ላውጣው አላውጣው እያለ ጭንቅ ይዞት ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ ሳንታናን በዋናው ሊግ ያየው የለም።

በ2018 የዝና አዳራሹ መራጮች የሰጡት ድምፅ 2.4 በመቶ ነው። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ደግሞ ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጣል። አያስገቡት እሺ፣ ግን ቢያንስ ጥቂት ዓመት ሊከራከሩበት ይገባ ነበር።