ከግድግዳ የወጡትን ሰማያዊ ኬብሎች አትቁረጧቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለገጣፎ አዲስ የተሠራ ጂ+1 ቤት ልትገቡ ነው። ደረጃው ስር ትንሽ የብረት ሳጥን አለ፣ ውስጡ ጫፋቸው የተቆረጠ ሰማያዊ ኬብሎች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በየክፍሉ የኢንተርኔት ሶኬት አለ፣ ግን ላፕቶፕ ሲሰካበት ምንም የለም። ቀለም ቀቢው ሊገባ ነው፣ ባለቤትሽ ደግሞ «ዋይፋይ እያለ ምን ያደርግልናል፣ ቆርጠን በጄሶ እንድፈነው» ይላል።

አትቁረጡ። በፍጹም። እኔም ያለሁት ከእናንተ ብዙም ሳልርቅ ጣፎ ነው፣ ቤታችን ስንገባ ያገኘነው ይህንኑ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የጎረቤቶቼንም ቤት አይቻለሁ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ቤቱ ካለቀ በኋላ እንደገና ላስገባ ብትይ ልስን ማፍረስ ነው፣ ቀለም መድገም ነው። አሁን ግን በእጃችሁ ነው።

ሶኬቱ የማይሠራው ተበላሽቶ አይደለም፣ ገና ስላልተገናኘ ነው። የውኃ ቱቦ በየክፍሉ ተዘርግቶ ከሮቶው ጋር ካልተያያዘ ቧንቧው ጠብ አይልም፣ ይሄም እንደዚያው ነው። ከየክፍሉ አንዳንድ ኬብል ተነስቶ ደረጃው ስር ይመጣል። እዚያ ስዊች የሚባል ትንሽ ዕቃ ላይ ሁሉም ይሰካሉ፣ ስዊቹ ደግሞ በአንድ ኬብል ከኢንተርኔት ሞደሙ ጋር ይገናኛል። ያኔ ሶኬቶቹ ሁሉ መሥራት ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ቤት ሠሪው የሚያስረክበው ኬብሉን ብቻ ነው። ጫፉን ማሠራት፣ ማለትም መሰኪያ ማስገጠምና ስዊች መግዛት የገዢው ሥራ ሆኖ ይቀራል፣ ይህንንም ቁልፍ ሲሰጥ የሚነግር ሰው የለም።

መጀመሪያ የትኛው ኬብል ምን እንደሆነ ለዩ። ወፈር ያለ፣ ክብ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጠንካራ ሽቦ ብቻ ያለው የዲሽ ነው። ሁለት ወይም አራት ቀጫጭን ሽቦ ያለው የስልክ ነው። ስምንት ሽቦ ያለው፣ ሁለት ሁለት እየሆነ የተጠማዘዘው፣ እሱ ነው የኔትወርክ። ፋይበር ደግሞ ለብቻው ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ጠፍጣፋ ሆኖ ውስጡ ያለው መዳብ ሳይሆን መስታወት ነው። ፋይበሩን አታጣጥፉት፣ በሚስማር አትምቱት፣ መስመሩ ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አታቅርቡ፣ የሚያልፍበት ብርሃን ለዓይን አይታይም።

ሰማያዊው ኬብል ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቢው። የኬብሉ ደረጃ ነው፣ ካት 5ኢ ካለ በቂ ነው፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ይሸከማል፣ ጂ+1 ቤት ውስጥ ደግሞ 100 ሜትር የሚደርስ መስመር የለም። ስለዚህ «ካት 6 ካልሆነ ይነቀል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሽቦው ከምን እንደተሠራ ነው። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሞልቷል። አንዱን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ አድርጊው፣ ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ብርማ ሆኖ ከታየ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየሙ ኢንተርኔት ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ግን ጫፉ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ በኬብሉ በኩል ኤሌክትሪክ ለሚያገኝ ካሜራም አይሆንም፣ ይሞቃል። የእናንተ አልሙኒየም ሆኖ ከተገኘ ለቲቪና ለላፕቶፕ ተጠቀሙበት፣ ለካሜራ ግን ሌላ አስገቡ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ የትኛው ኬብል ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ ማወቅ። የኔትወርክ ቴስተር መርካቶ በርካሽ ይገኛል፣ ሁለት ቁራጭ ነው፣ ጫፉ ከተሠራ በኋላ አንዱ ሳጥኑ ጋ ሌላው ክፍሉ ጋ ይሰካል፣ ከ1 እስከ 8 ተራ በተራ መብራት ያበራል። የተገኘውን ሁሉ እዚያው በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ኬብሉ ላይ ለጥፉ፣ «ሳሎን ቲቪ»፣ «ዋና መኝታ»፣ «ላይ ኮሪደር» እያላችሁ። ለሁለቱም ጫፍ። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዓመት በኋላ ካሜራ ልታስገቡ ስትሉ ይህ ፎቶ ስንት ድካም እንደሚያስቀርላችሁ ያኔ ታዩታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ፈትሹ፣ ምክንያቱም የእኛም ቤት የነበረ ነው፣ ሰፈራችን ውስጥም ደጋግሜ ያየሁት ነው። መብራት የሚዘረጋው ባለሙያ የኤሌክትሪክ ሶኬት ልማድ ስላለው የኔትወርኩንም ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው እየቀጠለ ይወስደዋል። ለመብራት ይሠራል፣ ለኔትወርክ አይሠራም። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ኬብል ኖሮት ቀጥታ ሳጥኑ ጋ መድረስ አለበት። የሳጥኑ ኬብሎች ቁጥር ከሶኬቶቹ ካነሰ ይህንን ጠርጥሩ፣ የሶኬቱን ክዳን ፍቱና እዩ፣ ሁለት ኬብል እዚያው ተጠማዝዞ በፕላስተር ከታሰረ እሱ ነው። መፍትሔ አለው፣ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ኬብሎች ለየብቻ ጫፍ አሠርታችሁ እዚያ ቦታ ላይ ባለ አምስት ቀዳዳ ትንሽ ስዊች አስቀምጡ። ከሳጥኑ የሚመጣው ይገባበታል፣ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚሄደው ይወጣበታል።

ደግሞ ክዳኑን ስትፈቱ የኔትወርኩ ኬብል ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ እንዳይሆን ተመልከቱ። 220 ቮልት ከኔትወርክ ጋር አብሮ አይሄድም፣ ፍጥነቱን ማበላሸቱ ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። እንደዚያ ካገኛችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱና ባለሙያ ያስወጣው።

ጫፍ አሠራሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። «ሁለቱም ጫፍ ላይ ቀለሙ አንድ ዓይነት ከሆነ እንደፈለግን ብንደረድረው ይሠራል» የሚል ባለሙያ ይገጥማችኋል። ልክ አይደለም። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት በምክንያት ነው፣ መጠማዘዙ አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይረብሽ ያደርጋል። ጥንዱን በትክክለኛው ቀዳዳ ካላስቀመጣችሁት ቴስተሩ ስምንቱንም መብራት ያበራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ይቆራረጣል፣ ችግሩንም ማንም አያገኘውም። የተለመደው ቅደም ተከተል ይኸውላችሁ፤ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ይህ «ቢ» የሚባለው ነው። የግድግዳው ሶኬት ጀርባ ላይ ቀለሙ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ተስሏል፣ በሁሉም ቦታ «ቢ»ን ተከተሉ። ጫፉ ላይ ደግሞ የሚፈታው ጥምዝ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ባይበልጥ።

ሁሉም ሲያልቅ ላፕቶፕ በየሶኬቱ ሰክታችሁ የግንኙነቱን ፍጥነት እዩ። ስዊቹም ላፕቶፑም ጊጋቢት ሆነው 100 ብቻ ካሳየ ከስምንቱ ሽቦ አንዱ አልያዘም ማለት ነው። 100 ሜጋቢት በአራት ሽቦ ይሠራል፣ 1000፣ ማለትም 1 ጊጋቢት፣ ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መሥራት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ፋይበሩ በየት በኩል ይገባል የሚለው ነው፣ ይሄን አሁኑኑ አስቡበት። የሚገጥሙት ልጆች ሲመጡ ቶሎ ጨርሰው መሄድ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ በሳሎኑ መስኮት ጥግ በስተው ሞደሙን ቲቪው ጋ ያስቀምጡታል። ሳጥናችሁ ደረጃ ስር ነው! ከአጥር እስከ ሳጥኑ ባዶ ቱቦ ካለ ፋይበሩ በዚያ ይግባ በሏቸው። ከሌለና ግቢው ገና ኮብል ያልተነጠፈ ከሆነ፣ ለውኃም ለፍሳሽም ሲቆፈር አብሮ አንድ ቱቦ ቅበሩ፣ ውስጡ መጎተቻ ሽቦ ተዉ፣ ማጠፊያው ላይ ሰፋ ያለ ጥምዝ ይኑረው እንጂ ቀጥ ያለ ክርን አይሁን። ፋይበር ኃይለኛ መታጠፍ አይወድም፣ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት የሚበራውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሞደሙ ሳሎን መቅረቱ ግድ ከሆነ ግን አትጨነቁ፣ የሳሎኑ ሶኬት ኬብል ወደ ኋላ ሊያገለግል ይችላል። ከሞደሙ ወደ ግድግዳው ሶኬት ሰኩት፣ ሳጥኑ ጋ የሚወጣውን ጫፍ ስዊቹ ላይ ሰኩት፣ አለቀ። ለቲቪው በቀሪው የሞደሙ ቀዳዳ ቀጥታ ይሰካል።

ብረት ሳጥኑ ውስጥ ስዊች አስቀምጡ፣ ዋይፋይ የሚለቀውን ዕቃ ግን በጭራሽ። ብረት ሲግናሉን ይይዘዋል። ሳጥኑ አጠገብ የመብራት ሶኬት ካልተሠራ ከቀለሙ በፊት ይሠራ፣ ከተረሳ በኋላ በሳሎን በኩል የተንጠለጠለ ኤክስቴንሽን ይሆናል።

አሁን ለባለቤትሽ። ዋይፋይ ይበቃል የሚለው ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ቢሆን እሺ እላለሁ። የእናንተ ቤት ግን በመሐሉ የኮንክሪት ሶሌታ አለው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ሲግናል ይህን አልፎ ላይኛው መኝታ ቤት ሲደርስ ደክሞ ነው፣ ሌላው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሲግናል ይደርሳል ግን ቀርፋፋ ነው፣ ከጎረቤት ጋርም ይጋጫል። ሰው ያኔ ሮጦ ሲግናል ማባዣ ይገዛል። ማባዣው ደግሞ የሚያባዛው ደክሞ የደረሰውን ነው። እናንተ ግን ላይ ኮሪደር ድረስ የተዘረጋ ኬብል አላችሁ! እዚያ አንድ ዋይፋይ ማሰራጫ በኬብል ስትሰኩ ላይኛው ፎቅ ከታችኛው እኩል ይሆናል። አሮጌ ራውተር ካላችሁም ይሆናል፤ ውስጡ ገብታችሁ አድራሻ የሚያድለውን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አጥፉ፣ የራሱን አድራሻ ከሞደሙ የተለየ አድርጉ፣ ኬብሉን የኢንተርኔት መግቢያ በተባለው ሳይሆን ከተራዎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከታችኛው ጋር አንድ አድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ አንድ ስዊች ላይ እንዳይሰካ። ልጆች «ተነቅሎ አገኘሁት» ብለው ይሰኩታል፣ የቤቱ ኔትወርክ በሙሉ ይቆማል፣ ሰው ደግሞ ቴሌ ደውሎ ይጣላል።

መብራት ስለሚጠፋ ለሞደሙና ለስዊቹ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆያቸውን ዕቃ፣ ያዙ። የቤት ፋይበር ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለውም፣ ስለዚህ ጣቢያው መብራት እስካለው ድረስ ሞደማችሁ ከበራ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። ስትገዙ ግን የአዳፕተሩን ቮልት አንብባችሁ ግዙ፣ ብዙው 12 ቮልት ቢሆንም ሁሉም አይደለም።

ሰርቪስ ቤት ድረስ ኬብል ልውሰድ ላልሽው፣ ይቻላል፣ ሰማያዊውን ግን ፀሐይ ላይ አትዘርጊው፣ ልባሱ ይሰነጣጠቃል። ለውጭ የተሠራ ጥቁር ኬብል አለ፣ በቱቦ ቅበሩት። የክረምት መብረቅ በመዳብ ገብቶ ስዊች የሚያቃጥልበት ጊዜ ስላለ አቅም ከፈቀደ በግቢው ውስጥ የሚያልፈው ፋይበር ቢሆን እመርጣለሁ።

ለቀለም ቀቢው የኬብሎቹን ጫፍ በፌስታል ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩለት፣ የሶኬቶቹን ፊት ሸፍኑ፣ ቀለም ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ሶኬቱ አይጸዳም፣ ይቀየራል። ጫፍ የሚሠራውን ባለሙያ ደግሞ በሶኬት ብዛት ተስማሙት፣ ሒሳቡንም የምትጨርሱለት ቴስተሩን ይዛችሁ አብራችሁት ከክፍል ክፍል ዞራችሁ ስምንቱም መብራት ሲበራ ካያችሁ፣ ላፕቶፑም 1000 ካሳየ በኋላ ይሁን።