የቴአትር ቤት አርክቴክትነት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ የአራተኛ ዓመት የኪነ ሕንፃ ተማሪ መሆንዎን፣ ወደፊት ቴአትር ቤቶችን ብቻ መንደፍ እንደሚፈልጉ፣ አባትዎ ግን «ቴአትር ቤት በማይሠራበት አገር ምን ልትበዪ ነው?» እንዳሉዎት ገልጸዋል። የአባትዎ ሥጋት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ፍላጎትዎን ውድቅ የሚያደርግ አይደለም።

በዚህ ሙያ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው እንግሊዛዊው ፍራንክ ማቻም (1854–1920 እ.ኤ.አ.) አዲስ የነደፋቸውና ያደሳቸው ቴአትር ቤቶች ሲደመሩ ከ150 ይበልጣሉ። ሙያውን የጀመረው በአንድ አርክቴክት ዘንድ በተለማማጅነት ሲሆን፣ ኋላ ለንደን ውስጥ ቴአትር ቤቶችን በሚያውቀው በጄትሮ ሮቢንሰን ቢሮ ተቀጥሮ የአሠሪውን ልጅ አገባ፤ ሮቢንሰን በ1878 ሲሞትም 25 ዓመት ሳይሞላው ቢሮውን ተረከበ። (ጋብቻውን በምክርነት አላቀርብልዎትም።)

ማቻምን ተፈላጊ ያደረገው ግን ጌጡ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ ሰገነቶችን የሚሸከሙት ዓምዶች ከኋላ የተቀመጠውን ተመልካች ከመድረኩ ይጋርዱት ነበር፤ እርሱ በብረት ተጠቅሞ ሰገነቶቹ ከኋላ ብቻ ተይዘው ወደ ፊት እንዲዘረጉ፣ ማለትም ካንቲሊቨር እንዲሆኑ በማድረግ ዓምዶቹን አስወገደ። በ1904 የተከፈተውና ከ2300 በላይ ሰው የሚይዘው የለንደኑ ኮሊሲየም የእርሱ ሥራ ነው። የመውጫ በርም እንደዚሁ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ በ1887 በኤክሰተር ከተማ ሌላ አርክቴክት የነደፈው ቴአትር ቤት ሲቃጠል 186 ሰዎች ሞተዋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውን የብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ የነደፈው ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜ፣ በአቅራቢያው የሚገኘውን ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃም ነድፏል። በእኔ ግምት የእርስዎም መንገድ ይህንኑ ይመስላል፤ ቴአትር ቤትን ከሌሎች ሕንፃዎች ጋር አጣምሮ መሥራት ማለት ነው፤ ስለዚህ ለልምምድ ሲያመለክቱ የስብሰባ አዳራሽ፣ ሲኒማ ወይም ቤተ እምነት የሚሠራ ቢሮ ይምረጡ፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሸሹትን የስትራክቸር (ሕንፃ ጭነቱን እንዴት እንደሚሸከም የሚያጠና) ትምህርትና የድምፅ ሥርጭትን ጉዳይ ደግሞ ጠበቅ አድርገው ይያዙ።

እስከዚያው ድረስ ብሔራዊ ቴአትር ገብተው በመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ይቀመጡ። ከዓይንዎ ተነሥቶ፣ ከፊትዎ ባለው ሰው ራስ ላይ አልፎ፣ እስከ ተዋናዩ እግር የሚደርሰውን መስመር በወረቀት ይሳሉ፤ ትርኢቱ ሲያልቅም አዳራሹ በስንት ደቂቃ ባዶ እንደሚሆን ይመዝግቡ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ይህን ንድፍ ይዘው ይሂዱ፤ ከአሸብራቂ የኮምፒውተር ሥዕል ይልቅ ይናገርልዎታል። ከተቻለ አባትዎንም ይጋብዟቸው፤ እርሳቸው ቴአትሩን ሲመለከቱ እርስዎ በሮቹን ይቁጠሩ።