ቀጭ ብሎ ዝም ለሚል መኪና፦ ሞተሪኖውን ከመፍታትህ በፊት

«ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ቁልፉን ሳዞር ግን አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም» ላልከው፣ መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ዳሽቦርዱ መብራቱ ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም። ለአምፖል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃል፤ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ግን ከ100 አምፒር በላይ ይስባል።

1. የፊት መብራቱን አብርተህ ቁልፉን አዙር። መብራቱ ጭልም ካለ ችግሩ ከባትሪው ወይም ከገመድ ማሰሪያዎቹ ሳይሆን አይቀርም። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዙ ፈተህ በሽቦ ብሩሽ አጽዳና አጥብቀህ እሰር። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

2. ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ባትሪውን ለካ። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል።

3. መብራቱ ሳይደበዝዝ ቀጭ ብቻ ካለ ሞተሪኖውን ጠርጥር። ማርሹን ባዶ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው። ከተነሳ በሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ሳያልቅ አልቀረም፤ መምታቱ መላ ነው እንጂ ጥገና አይደለምና ቶሎ አስቀይር።

አደራ፣ ሞተሪኖውን ልትፈታ ስትል የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድመህ ንቀል። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራሙ ገመድ ቁልፉ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለው። እኔ ይህን ዘልዬ መፍቻዬ ቦዲውን ሲነካ የወጣው እሳት እጄን አቃጥሎኛል።