ቂጡ የጠቆረ ቲማቲም መድኃኒት አይፈልግም

ጥያቄው የመጣው ከአቃቂ ነው። ጠያቂዋ ኅዳር ላይ ስምንት ሮማ ቪኤፍ የተባለ የቲማቲም ዝርያ ችግኝ ጓሮ መሬት ላይ፣ አራት ደግሞ በማዳበሪያ ጆንያ ተክለዋል። ተክሉ ወፍሮ፣ ቅጠሉ ለምልሞ ያምራል፤ ፍሬው ግን ከየካቲት ጀምሮ ገና ሳይቀላ ከታች በኩል ይጠቁራል። «ጎረቤቴ ምች ነው አለችኝ። መድኃኒት መሸጫ ሄጄ ማንኮዜብ ሰጡኝ፣ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ፣ በመጣ ቀን በጎማ እስኪተኛበት ድረስ አጠጣለሁ። ዩሪያም በየአሥራ አምስት ቀኑ ለእያንዳንዱ አንድ ጭብጥ አደርግለታለሁ። ሌላ ምን ልርጭበት? የጠቆረው ይበላል ወይ? ዘሩንስ ለከርሞ ባስቀር?» ይላሉ።

እህቴ፣ ምንም አይርጩበት። ማንኮዜብ ፈንገስ መከላከያ ነው፤ እርስዎ ጓሮ ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ ፈንገስ አይደለም። ተባይም አይደለም። የውሃ አሰጣጥ ጉዳይ ነው፣ ዩሪያው ደግሞ አባብሶታል።

እኔን ከማመንዎ በፊት ግን ራስዎ ያረጋግጡ። አንድ የጠቆረ ፍሬ ቀጥፈው ከላይ ወደ ታች በቢላ ለሁለት ይክፈሉት። ጥቁረቱ ያለው ፍሬው ከተንጠለጠለበት በተቃራኒው፣ አበባው በነበረበት ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ቦታው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከደረቀ፣ ሲጫኑት ከመፍረጥ ይልቅ ጠንከር ካለ፣ ውስጡም የትል መንገድ ከሌለውና ካልሸተተ፣ ያልኩት ነው። ፍሬ የሚበሳው ጓይ ትል ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውንና እርጥብ ኩሱን ውስጡ ያገኙት ነበር። በክረምት ድንቹንም ቲማቲሙንም በአንድ ሳምንት የሚያነደው በሽታ ቢሆን ደግሞ ቅጠሉ ጤነኛ ሆኖ አይቆይም፤ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ምልክት ያወጣል፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩት ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ፍሬውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከላይ ከትከሻው በኩል ነው። ወደ ፀሐይ በዞረው ጎኑ ብቻ ነጣ ብሎ የሳሳ ፍሬ ካዩ ደግሞ ፀሐይ አቃጥሎት ነው፣ ሌላ ነገር አይፈልጉለት።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው፣ የጠቆረው ፍሬ ተክሉ ላይ ሲሰነብት እላዩ ላይ ጥቁር ሻጋታ መብቀሉ ነው። ያንን ያየ ሰው «ይኸው ፈንገስ» ብሎ ወደ መድኃኒት ይሮጣል። ሻጋታው ግን የሞተ ሥጋ አግኝቶ በኋላ የመጣ ነው እንጂ ገዳዩ እሱ አይደለም።

ገዳዩ የካልሲየም እጥረት ነው፤ ያውም አፈሩ ውስጥ ሞልቶ ፍሬው ጫፍ ላይ ያልደረሰ ካልሲየም። ካልሲየም ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከሥር ወደ ላይ ከሚወጣው ውሃ ጋር ብቻ ነው። ውሃውን የሚስበው ደግሞ በአብዛኛው ቅጠሉ ነው፤ በፀሐይ ብዙ ውሃ የሚያተነው እሱ ነውና። የፍሬው ልጣጭ ግን እምብዛም አያተንም፤ ስለዚህ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ከዚያም ውስጥ የታችኛው ጫፍ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ግፊት ሲቀንስ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ቧንቧው ጠብ እንደማይለው ማለት ነው። አፈሩ ሁለት ሦስት ቀን ሲደርቅ ቅጠሉ ያለችውን ይጠጣል፣ የፍሬው ጫፍ ባዶውን ይቀራል፣ እዚያ ያሉት ሴሎች ይፈርሳሉ፣ ይጠቁራሉ። አንዴ ቅጠል ውስጥ የገባ ካልሲየም ደግሞ ተመልሶ ወደ ፍሬ አይሄድም። ቅጠል ላይ የሚረጨው «ካልሲየም» የሚባል ፈሳሽ ገንዘብ ከመጨረስ በቀር የረባ ውጤት የማያመጣው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው ፍሬው ገና ሽምብራ ካከለበት እስከ ትንሽ ሎሚ ባለው ጊዜ፣ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ነው። ጥቁረቱ ለዓይን የሚታየው ግን ዘግይቶ ነው። ዛሬ የሚያዩት ጥቁር ቂጥ የአንድና የሁለት ሳምንት በፊት ጥም ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አጠጥተው ነገ ለውጥ ቢጠብቁ አያገኙም። እርስዎ የተከሉት ሮማ ሞላላ ስለሆነ ከክቡ ዓይነት ይልቅ ለዚህ ችግር ይጋለጣል። ስሙ ላይ ያለው «ቪኤፍ» ተክሉን ከሚያጠወልጉ ሁለት የአፈር ፈንገሶች ይከላከላል ለማለት ነው፤ ለዚህኛው ችግር ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ዩሪያው። መቶ ኪሎ ዩሪያ ለአንድ ሄክታር ቢባል፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ብቻ ማለት ነው። እርስዎ የሚጨብጡት ጭብጥ ሚዛን ላይ ቢወጣ 30 ግራምን ያልፋል፤ ያውም ለአንድ እግር፣ ያውም በየአሥራ አምስት ቀኑ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፣ አሞኒየም ደግሞ ሥሩ ላይ ከካልሲየም ጋር ይሻማል። በዚያ ላይ ቅጠሉን ያበዛል፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር ፍሬውን የሚሻማው ይበዛል። «ተክሉ ያምራል» ያሉኝ ነገር ለኔ የምስራች አይደለም። ከአሁን ጀምሮ ዩሪያውን ያቁሙ፣ ለዚህ ምርት ከበቂ በላይ አግኝቷል። ትኩስ የዶሮ ኩስም ቢሆን ያው ነው፤ ካልበሰበሰ አይስጡት።

የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተው እንዲጨምሩ፣ ኖራ ወይም አመድ እንዲያደርጉ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም። አቃቂ አካባቢ የብዙው ጓሮ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዋልካ በተፈጥሮው ካልሲየም አያንሰውም። ኖራ የሚያስፈልገው ኮምጣጣ ለሆነ አፈር ነው፣ እሱም ተመርምሮና ከመትከል ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። የእንቁላል ቅርፊት ጉዳት የለውም፣ ግን አፈር ውስጥ ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ዘንድሮ ለተንጠለጠለው ፍሬ አይደርስም። ብስባሽ ውስጥ ይጣሉት።

ዋልካ ሌላ አመል አለው፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ቀጫጭኖቹን ሥሮች እየበጠሰ ነው። በውሃ ቀን በጎማ ሲያጥለቀልቁት ደግሞ አየር ያጣል፣ አየር ያጣ ሥር ውሃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ የእርስዎ ቲማቲም በሳምንት ውስጥ አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ ይጠማል፣ በሁለቱም ጊዜ ካልሲየም አይወጣም። ከረጅም ጥም በኋላ የተጥለቀለቀ ፍሬ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልግዎ ብዙ ውሃ አይደለም፣ የማይቋረጥ ውሃ ነው። በበጋ ፀሐይ ፍሬ የያዘ አንድ እግር ቲማቲም በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ቢያገኝ ይበቃዋል። አሥራ ሁለት እግር አለዎት፤ በቀን 24 ሊትር ነው። ውሃው አራት ቀን ቢጠፋ መቶ ሊትር አይሞላም። ስለዚህ ባለ 200 ሊትር በርሜል አንድ ካለዎት ጉዳዩ አልቋል፤ ለቤትም ይተርፋል። በርሜሉ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ ለትንኝም ለልጆችም ስል ነው።

መሬት ላይ ላሉት ስምንቱ በየሁለት ቀኑ አራት አራት ሊትር ያጠጡ፤ ጠዋት፣ በእርጋታ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ ሥሩ ላይ። በጆንያ ያሉት አራቱ አይጠብቁም። የጆንያ አፈር በሁሉም ጎኑ ይደርቃል፣ ስለዚህ በየቀኑ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ጠዋትና ማታ ከፋፍለው ይስጧቸው። ጆንያው የያዘው አፈር ከአንድ ባልዲ የማይበልጥ ከሆነ ግን ለሮማ ያንሳል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ቢያንስ የዚያን እጥፍ ይሙሉ። በቁጥሩ ብቻ አይመሩ፤ ጣትዎን ሁለት አንጓ ያህል ወደ አፈሩ ያስገቡ። እዚያ ላይ ደርቆ ካገኙት ዘግይተዋል። ጣትዎ ላይ ጭቃ ከተጣበቀ ደግሞ ዛሬን ይለፉት።

ቀኑን ሙሉ ቤት ለማይውል ሰው የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ ረዳት ነው። ባለ ሁለት ሊትሩን ይውሰዱ፣ መርፌ በእሳት አግለው ክዳኑን አንዴ ብቻ ይብሱት፣ ቂጡን በቢላ ቆርጠው ይክፈቱ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው አፉን ወደ ታች ደፍተው ግማሹ ድረስ ይቅበሩት፣ ከዚያ በተከፈተው በኩል ይሙሉ። ዋልካ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ክዳኑን በአሮጌ ካልሲ ቁራጭ ይጠቅልሉት። ውሃው በደቂቃዎች ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፣ ክዳኑን ይቀይሩ። ግማሽ ቀን ያህል ከቆየ ልክ ነው። ሲቆፍሩ ሥር እንዳይቆርጡ ይጠንቀቁ። ስለ ሥር ካነሳን፣ ኩትኳቶዎን ላይ ላዩን ያድርጉት፤ ግንዱ ሥር ገብቶ በጥልቀት መኮትኮት ውሃ የሚስቡትን ሥሮች መቁረጥ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ዛሬውኑ፣ አፈሩን ያልብሱት። የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ሣር፣ የተገኘው ይሁን፤ አራት ጣት ውፍረት፣ ግንዱን ሳይነካ፣ ጆንያዎቹም ላይ ጭምር። ከምነግርዎ ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም የሚሠራው ይኼ ነው። ዋልካው አይሰነጠቅም፣ የሚያጠጡት ውሃም ፀሐይ ሳይወስደው ለሥሩ ይቆያል።

ውሃ ሲያጥር የዕቃ እጣቢ ማጠጣት ያለ ነው። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ምንም አይደል፣ ይጠጣ። ኦሞና በረኪና የገባበት ግን ቲማቲም አጠገብ አይድረስ፤ ከሳሙናው የሚመጣው ሶዲየም አፈሩን ጨዋማ ያደርገዋል፣ ጨው ደግሞ ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ስለሚከለክል የሸሹትን ችግር መልሶ ያመጣል።

አሁን ተክሉ ላይ ያለውን ምን ያድርጉ? የጠቆረው ፍሬ አይድንም፣ ቀጥፈው ያውርዱት፤ ተክሉ ጉልበቱን ለሌሎቹ ያውላል። ይበላል ወይ ላሉት፣ ጥቁሩን ክፍል ሰፋ አድርገው ቆርጠው ከጣሉ የቀረው ይበላል፤ ለወጥም ለስልስም ይሆናል። የሻገተውንና የሸተተውን ይጣሉ። እርስዎ ግን ማንኮዜብ ረጭተዋል፤ ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ምን ያህል ቀን መቆየት እንዳለበት የተጻፈውን ይዩ፣ ያ ቀን ሳይሞላ ከተክሉ ላይ ምንም ቀጥፈው አይብሉ፣ ለልጆችም አይስጡ። ማሸጊያ በሌለው ላስቲክ ተመዝኖ ከሆነ የተሸጠልዎ፣ ሻጩን ሄደው ይጠይቁ፤ ለሌላ ጊዜም እንዲህ ያለ ነገር አይግዙ።

ከዛሬ ጀምሮ ውሃው ከተስተካከለ፣ አሁን አበባ ላይ ያሉት ዘለላዎች ፍሬ ሲይዙ ንጹሕ ሆነው ይወርዳሉ። አሁን ሎሚ ካከሉት መካከል ግን አንዳንዶቹ መጥቆራቸው አይቀርም፣ አይደንግጡ፤ ያለፈው ዕዳ ነው። ቃሪያም ጓሮዎ ውስጥ ካለ ያው ችግር ይይዘዋል፣ መፍትሔውም ያው ነው።

ዘሩን በተመለከተ፣ ችግሩ በዘር አይተላለፍም፤ ቂጡ ከጠቆረ ፍሬ የወጣ ዘር ራሱ ሌላ ጠንቅ ከሌለበት ጤነኛ ነው። ያም ሆኖ እኔ ብሆን ካልጠቆሩት፣ ብዙ ፍሬ ካፈራው እግር ላይ፣ ተክሉ ላይ በደንብ የቀላውን እመርጣለሁ። ሮማ ቪኤፍ ድቅል ስላልሆነ ዘሩ እናቱን ይመስላል፤ ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካሾላ የተባለው ዝርያም እንደዚያው። ድቅል ሲሆን ግን ዘሩን ማስቀረት ልፋት ነው፣ ልጆቹ የተለያዩ ሆነው ይወጣሉ። ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቀው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቆዩት፤ ላዩ ላይ አረፋ ሲይዝ አጥበው፣ የሚንሳፈፈውን ደፍተው፣ የዘቀጠውን ሰሐን ላይ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ወረቀት ላይ አያስጡት፣ ተጣብቆ ያስቸግርዎታል።