ቫዮሊንና ቼሎ በጣና ዳር

ጥያቄ፦ ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ) እና ቼሎ (ቁጭ ተብሎ የሚመታ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው) ይዘን እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ክላሲካልና ዘመናዊ ዘፈን ቀላቅለን ልናቀርብ ነው። በልምምድ ላይ ቅኝቱ ይወርድብናል፣ ዘፈኖቹ ባዶ ይሆናሉ፣ ማይኩም ይጉረመረማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቅኝቱን የሚያወርደው ፀሐይ ነው፤ ክር ሲሞቅ ይላላል። መሣሪያዎቹን ጥላ ውስጥ አቆዩ፤ አየሩን ከለመዱ በኋላ «ላ» የተባለውን ድምፅ በ440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ርግብግቢት) ቃኙ። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ክሩ ቀዝቅዞ ስለሚወጠር ቅኝቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ በየሁለት ሥራው መሀል ቅኝቱን ፈትሹ።

ዘፈኑ ባዶ የሚሆነው አራታችሁም ዜማውን ስትከተሉ ነው፤ የጎደለው ባስና ከበሮ ነው። ቼሎው በጣት እየመታ ባሱን ይያዝ። ቪዮላው ቀስቱን ከእጀታው አጠገብ አሳጥሮ እየመታ ምቱን ይጠብቅ፦ በ4/4 (አራት አራት እየተባለ በሚቆጠር) ዘፈን 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ፣ በ6/8 (ስድስት ስድስት በሚቆጠረው) የችክችካ ምት ግን 1ኛውና 4ኛው ላይ። ዜማው የአንደኛው ቫዮሊን ነው፤ ሁለተኛው ዜማው ሲያርፍ ይመልስ። ዘፈኑ በሜጀር ትዝታ ቅኝት (በአምስት ድምፅ ከሚሠሩት የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ) ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይበቃሉ። በአጃቢው ድምፅ «ፋ» እና «ሲ» ሲበዙ የትዝታው ለዛ ይጠፋል፤ ይህን አደራ እንላለን።

ጉርምርምታው ከሐይቁ የሚመጣ ንፋስ ነው። ማይኩን በስፖንጅ ሸፍኑ፤ ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ለቫዮሊን ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የቼሎው ዝቅተኛ ድምፅ ግን 65 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ የእሱ መቁረጫ ከ60 አይለፍ። ስፒከሮቹ ከእናንተ ፊት ይቁሙ፤ ከኋላ ከሆኑ ማይኩ ይጮኻል። የኖታውን ወረቀትም ንፋስ እንዳይወስደው በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።